ከኋላ ኮፈኑ ላይ የተጻፈው

ገዢው መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ሞተሩ አልነበረም። ስለ ጎማው፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ቦሎውም አልነበረም። በቴሌግራም ከላክሁለት ዐሥራ ሁለት ፎቶዎች መሃል ከኋላ የተነሣውን መረጠ፤ ኮፈኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አጉልቶ መልሶ ላከልኝና ከሥሩ አንዲት መስመር ጻፈ፦ «300 ዲ ናት አይደል?»

ስልኩን ይዤ ግቢው መሃል ቆምሁ። መኪናዋ ፊት ለፊቴ ናት። ጣሪያዋ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ረግፏል፤ ብርማዎቹ ፊደላት ግን ልክ እንደ ፎቶው ያበራሉ። 300 ዲ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ጠይቆኝ ቢሆን «አዎ!» ብዬ፣ ሁለት የእሳት ኢሞጂ ጨምሬ እመልስለት ነበር። አሁን ግን ስልኩን ኪሴ ከተትሁና ቡና ላፈላ ገባሁ። እናላችሁ፣ መልሱን ከመጻፌ በፊት የሆነውን ልንገራችሁ።

እኛ ቤት ማርቸዲስ የገባችው በ1988 ዓ.ም. ነው። አባዬ አዲስ አበባ ላይ አንድ የውጭ ድርጅት ያወጣውን ጨረታ አሸንፎ፣ ራሱ እየነዳ ደብረ ማርቆስ አመጣት። እኔ የተወለድሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ በዕድሜ ታላቄ ናት ማለት ይቻላል። ሥራዋ ሁለት ነበር። በአዘቦት ቀን አባዬን ከዕቃው ጋር ደጀን፣ ሉማሜ፣ ደምበጫ ታደርሳለች። ጥር ሲገባ ደግሞ ታጥባ፣ ሪባን ታስራ፣ ሙሽራ ትጭናለች። የከተማችን ሰርግ ቪዲዮዎች ተሰብስበው ቢታዩ፣ ከሙሽሮቹ ይልቅ የምትደጋገመው የእኛዋ መኪና ናት።

ከላቲን ፊደላት መጀመሪያ ያወቅሁት ዲን ነው። ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ ኮፈኗ ላይ በጣቴ እየተከተልሁ አጠናሁት። ሰፈር ውስጥ ልጆቹ «የሦስት መቶ ልጅ» ይሉኝ ነበር። ስድብም ሙገሳም ነበር፤ እኔ የምሰማው ሙገሳውን ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቶዮታ አለው፣ እኛ ሦስት መቶ አለን። ሦስት መቶ ምን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። ብዙ ነገር እንደሆነ ብቻ እናውቃለን።

አንድ ቀን ብቻ ተጠራጠርሁ። ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከአዲስ አበባ ስንመለስ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን፣ ወደ ደጀን መውጣት ጀመርን። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፦ ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከላይ ደጋ፣ ከታች ቆላ፣ በመሃል የሚቃጠል የፍሬን ሽታ። አባዬ በሁለተኛ ማርሽ ይዞ ይሄዳል። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን እንደ ደከማት በቅሎ ናት። አንድ አይሱዙ፣ በርሜል የጫነ፣ ጥሩንባውን እየነፋ አለፈን።

«አባዬ፣ እኛ ሦስት መቶ አይደለን እንዴ? ለምን አለፈን?»

ሳቀ። «ዕቃ ስለጫንን ነው» አለ። ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ፤ የጫነው እማዬን፣ እኔንና ሁለት ጀሪካን ውኃ ነበር።

አባዬ ካረፈ ዓመት አለፈው። የእማዬ ጉልበት ደግሞ ከእሱ ጋር የተቀበረ ይመስል፣ ከዚያ ወዲህ አልታዘዝ አላት። ሐኪሞቹ አዲስ አበባ ሄዳ ቀዶ ሕክምና ይደረግላት አሉ። የሚሸጥ ነገር ስንፈልግ ሁላችንም ዓይናችን ግቢው ላይ አረፈ። ጊዜው ለሻጭ ጥሩ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ነው የሚሄደው።

ስም ለማዛወር ሊብሬውን ከአባዬ ሳጥን አወጣሁ። ሻንሲ ቁጥር፦ 123 123 10፣ ቀጥሎ ሌሎች አሃዞች። ሞተር ቁጥር፦ 616 ብሎ ይጀምራል። ከዚህ በፊት አይቼው ቢሆን ዐልፌው እሄድ ነበር። ለማስታወቂያው የሚሆን መግለጫ ፍለጋ ስለ መኪናዋ ማንበብ ከጀመርሁ ሁለት ቀን ሆኖኝ ስለነበረ ግን ቁጥሮቹ ላይ ቆምሁ።

እንግዲህ የጀርመኖቹ ሥርዓት እንዲህ ነው። በድሮዎቹ ማርቸዲሶች ላይ ቁጥሩ የሞተሩ ስፋት ነው። 200 ማለት 2.0 ሊትር፣ 240 ማለት 2.4፣ 300 ማለት 3.0። ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል የሞተሩን ወይም የአካሉን ዓይነት ይናገራል። ዲ ናፍጣ ነው። ኢ «አይንሽፕሪትሱንግ» ነው፤ ቤንዚኑ በካርቡሬተር ሳይሆን ተረጭቶ የሚገባ ማለት። ኤስ «ዞንደርክላሰ»፣ ልዩ ማዕረግ። ኤል «ላንግ»፣ ረጅም፤ ከኋላ የሚቀመጠው ጌታ እግሩን የሚዘረጋበት። ሲ ባለ ሁለት በር ኩፔ፣ ቲ ደግሞ ኋላዋ ተዘርግቶ ዕቃ የምትጭነዋ። ስለዚህ 280 ኤስኢኤል የሚል ካያችሁ፣ 2.8 ሊትር፣ ልዩ ማዕረግ፣ ቤንዚን የሚረጭ፣ ረጅም ብላችሁ ታነቡታላችሁ። ፊደላቱን እንደ ቅኔ መፍታት ነው፤ ልዩነቱ ጀርመኖቹ ወርቁን አይደብቁም።

ይህ ውጭ የሚለጠፈው ስም ነው። ውስጥ ብረቱ ላይ የሚቀጠቀጠው ግን ሌላ ነው። የእኛዋ ዓይነት መኪና በፋብሪካው ስሟ ደብልዩ 123 ነው፤ ደብልዩው «ቫገን»፣ መኪና ማለት ብቻ ነው። በፈረንጆቹ ከ1976 ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ገደማ፣ ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ተሠርቷል። የሻንሲው የመጀመሪያ ሦስት አሃዞች ይኼንን 123 ይነግሩሃል። ቀጣዮቹ ሦስት የትኛዋ እንደሆነች ይነግሩሃል፦ 120 ከሆነ 200 ዲ፣ 123 ከሆነ 240 ዲ፣ 130 ከሆነ 300 ዲ። ከዚያ የሚመጣው 10 መሪዋ በግራ፣ ማርሿ በእጅ ማለት ነው። የሞተሩም እንዲሁ። የናፍጣ ሞተሮቻቸውን ኦኤም ይሏቸዋል፣ «የዘይት ሞተር» እንደማለት። 615 የ200 ዲ፣ 616 የ240 ዲ፣ 617 የ300 ዲ ነው።

123 123። 616።

መጀመሪያ ሞተሩ ተቀይሮ ይሆናል ብዬ ነበር። የእኛ አገር መኪና ሞተር መቀየሩ ብርቅ አይደለም። ግን ሻንሲውም ያንኑ ይላል። ወጥቼ የፊት ኮፈኑን ከፈትሁ። ለዚህ ቁጥር ማንበብም አያስፈልግም፤ 240 ዲ አራት ሲሊንደር ነው፣ 300 ዲ አምስት። ከፖምፓው ወደ ሞተሩ ራስ የሚወጡትን ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች መቁጠር ይበቃል። ቆጠርሁ። ደግሜ ቆጠርሁ። አራት።

ይኸውላችሁ፣ መኪናችን 300 ሆና አታውቅም። ስትወለድም 240 ነበረች። 300 የሚለው የኋላ ኮፈኗ ብቻ ነው።

የዓባይ ዳገት ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። 240 ዲ መጀመሪያ 65፣ ከ1978 ወዲህ 72 የፈረስ ጉልበት ነው ያለው፤ ቱርቦ የለውም። ደጀን አካባቢ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ሲያንስ ጉልበቱም ያንሳል። አይሱዙው ያለፈን በእማዬ ክብደት አልነበረም።

በዚያ ሳምንት ጠላት እንዳገኘ ሰው የማየውን መኪና ሁሉ ስመረምር ሰነበትሁ። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ መምህር ቮልስ አላቸው፤ «በንጉሡ ዘመን የተሠራች» ይሏታል። የኋላ ወንበሯን አንሥተን ከሥሩ የተቀጠቀጠውን ቁጥር አነበብን። 118 ብሎ ይጀምራል። 11 የቮልስ ዓይነቷ ነው፣ 8 ደግሞ የ1968 ሞዴል፤ በእኛ 1960 እና 61 መሆኑ ነው። መምህሩ ልክ ነበሩ። ፊታቸው እንደ ሕፃን ፈካ። እኔ ግን ትንሽ ቀናሁ።

ቆይቼ ሳነብ ደግሞ ጀርመኖቹ ራሳቸውም ሁልጊዜ እውነቱን እንደማይለጥፉ አገኘሁ። በ1968 የወጣችው 300 ኤስኢኤል 6.3፣ ስሟ 300 ሆኖ ሞተሯ 6.3 ሊትር ነበር። በ1974 የመጀመሪያዋን ባለ አምስት ሲሊንደር የናፍጣ የቤት መኪና ሲያወጡ 240 ዲ 3.0 ብለው ሰየሟት፤ በአንድ ኮፈን ላይ ሁለት የማይስማሙ ቁጥሮች። 190 ኢ የሚሏት ሞተሯ 2.0 ሊትር ነው። የቮልስ 1303ም ቢሆን 1,303 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ የሚባል ሞተር የለውም። በ1993 ደግሞ ማርቸዲስ ፊደሉን ወደ ፊት አምጥቶ ኢ 200፣ ኢ 300 ማለት ጀመረ። ያኔ ኢ ቤንዚን መርጨቱን ረሳና የማዕረግ ስም ሆነ፤ በናፍጣ መኪናም ላይ ኢ ይለጠፋል።

ይኼ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ግራዝማች መጀመሪያ የግራ ጦር አዛዥ ነበር፣ ቀኛዝማች የቀኝ። በኋላ ግን ጦር ሜዳ ሳይወጣ ግራዝማች የተባለ ስንት አለ። ፊደሉ ቀረ፣ ሥራው ሄደ። ከተማችንስ ብትሆን መንቆረር አልነበረችም? ራስ አዳልስ በ1873 ዓ.ም. ሲነግሡ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አልተባሉም? ስም መለጠፍን ከጀርመን አልተማርንም።

መኪናንም በፊደሉ መጥራት እንወዳለን። ኮሮላ ያለው ሰው ኮሮላ አለኝ አይልም፣ «ዲኤክስ» ነው የሚለው። ፊያት የጭነት መኪናውን «ኤንትሬ» አልነው፤ የጣሊያን «ኤን 3» ነው። ሰሌዳ ስናይ ኮድ 2 የግል፣ ኮድ 3 የንግድ፣ ኮድ 4 የመንግሥት እያልን የባለቤቱን ኑሮ እንገምታለን።

ከሁሉም የገረመኝ ግን አንድ ነገር ነው። ማርቸዲስ አዲስ መኪና ለሚያዝዝ ሰው በምርጫ ዝርዝሩ ውስጥ 260 የሚባል ኮድ አለው። ትርጉሙ «የሞዴል ጽሑፉ ከኋላ ይቅር» ነው። ትልቁን ሞተር የገዛው ጎረቤት እንዳያውቅበት፣ ትንሹን የገዛውም ጎረቤት እንዳያውቅበት፣ ሁለቱም ባዶ ኮፈን ይዘው ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ ያንን ሳነብ የማስበው አባዬን ነበር። ማን ለጠፈው? እሱ ነው? ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው፣ ሚዛን ላይ የቡና ፍሬ እንኳ የማያሳንስ ሰው፣ የሰርግ ዋጋ ለማስጨመር ፊደል ገዝቶ ለጥፎ ነው?

የገዢው መልእክት በመጣ ማግስት አባዬ መኪናዋን ሲያሠራ የኖረበት ጋራዥ ሄድሁ። መካኒኩን ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምለው። ከአንድ ላንድ ክሩዘር ሥር ተኝቶ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ የእኛ መኪና 240 ናት አይደል?»

እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። ትንሽ ዝም አሉ።

«አሁን ነው የምትጠይቂኝ?» አለና ተንሸራትቶ ወጣ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየኝ። «አንቺ ልጅ፣ ያንን ኮፈን ማን የቀየረው ይመስልሻል?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። በ1994 ዓ.ም. ደጀን ላይ አንድ ተሳቢ ወደ ኋላ ሲመለስ የቆመችውን መኪናችንን ጨረገዳት። የኋላ ኮፈኗ እንደ ወረቀት ታጠፈ። ጋሼ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄዶ ከፈራረሰች መኪና ላይ ኮፈን አገኘ፤ አስጭኖ አመጣው፣ ቀለም ቀባው፣ ገጠመው። የፈራረሰችው መኪና 300 ዲ ነበረች።

«አባትሽ እንዳየው ‹ይኼን ጽሑፍ አንሣልኝ፣ የእኔ አይደለም› አለ» አለኝ ጋሼ። «እኔ ነኝ ተው ያልሁት። ፊደሉ እኮ በቀዳዳ ነው የሚያዘው። ብነቅለው ውኃ ይገባል። ልበየደው ብል ያ ሁሉ ቀለም ይበላሻል። ሐምሌ ነበር። ‹እንግዲያው ክረምቱ ይለፍ› አለ። ክረምቱ አለፈ። ሌላ ክረምት መጣ።»

«ሰው ሦስት መቶ እያለ ሲጠራት ዝም ይል ነበር?»

«ማን ጠየቀው? አንብበው ነው የሚነግሩት እንጂ።» ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ። ከዚያ፣ ሳልጠብቀው፣ ጨመረ፦ «የሰርጉ ዋጋ ከዚያ ወዲህ ትንሽ ከፍ ብሏል። እሱን አልደብቅሽም።»

ወደ ቤት በእግሬ ተመለስሁ። አባዬ አልዋሸም፤ እውነቱንም አልተናገረም። ፊደሉን አልገዛውም፤ አልነቀለውምም። ሃያ ምናምን ክረምት ዝናብ እንዳይገባ ብሎ ተወው፤ በመሃል ደግሞ ጥቂት ብር ገባበት። ልወቅሰው አሰብሁ፣ አልቻልሁም። ላመሰግነውም አልቻልሁም። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነበር፤ እሱን ማንም አልጠየቀውም፣ እኔን ግን ጠይቀውኛል።

እማዬ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ ምስር ትለቅማለች። ሁሉንም ነገርኋት። የዋጋውን ልዩነትም። ለቀዶ ሕክምናው ምን ያህል እንደሚጎድለን እሷም እኔም እናውቃለን።

«እኔ ሦስት መቶ ትሁን ሠላሳ አላውቅም» አለች። «አንቺን ልወልድ ሌሊት ሆስፒታል ያደረሰችኝ እሷ ናት። ሰውዬው ምን አለሽ?»

«300 ናት ወይ አለኝ።»

«እና ምን ልትይው ነው?» አለችና ምስሯን መልቀም ቀጠለች። እማዬ እንዲህ ናት። መልሱን የምታውቀውን ጥያቄ ነው የምትጠይቅ።

ማታ ጻፍሁለት። የሊብሬውን ፎቶ፣ ሻንሲው የተቀጠቀጠበትን፣ አራቱን ቱቦዎች ሁሉ ላክሁ። «240 ዲ ናት። ኮፈኑ የሌላ መኪና ነው» አልሁ። ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች ታዩ። መልስ የለም። በማግስቱም የለም። ያቺን ቀን ስንት ጊዜ ስልኬን እንዳየሁ አትጠይቁኝ። እውነት መናገር ልብ ያሳርፋል የሚሉት ሰዎች፣ የሆስፒታል ደረሰኝ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጦ አያውቅም መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ደወለ። ቢቸና ተወልዶ ያደገ፣ አሁን አዲስ አበባ አሮጌ መኪና እያደሰ የሚኖር ሰው ነው። አባቱ ሹፌር ሆነው የሚነዷት የመሥሪያ ቤት መኪና 300 ዲ ነበረች፤ የፈለገው እሷን የመሰለች ነው። «ሌላ ቦታ አንድ 300 አለ፣ አይቼው ነበር» አለኝ። «ሻንሲውን ላክልኝ ስለው ልጁ ጠፋ።» ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ዋጋውን በ80 ሺህ ብር ቀነሰ። አልተከራከርሁም ብል ውሸት ይሆናል፤ ጎጃሜ ነኝ፣ ተከራከርሁ። በ60 ሺህ ተስማማን።

የጎደለውን ከእቁብና ከአክስቴ አሟላነው። እማዬ ቀጠሮዋ ደርሷል።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ሳምንት ሰው ልኮ አስወሰዳት። ከመሄዷ በፊት ጋሼ መጥቶ ፊደሉን ነቀለልኝ። የቢላ ጫፍ አስገብቶ ቀስ ብሎ፣ ቀለሙን ሳይነካ። ከሥሩ ቀለሙ ያልደበዘዘ፣ 300 ዲ የሚል ጥላ ቀረ፤ በጥላው ውስጥ ትንንሽ ቀዳዳዎች። ሰማዩን አየ። ሰኔ ገብቷል፤ ጮቄ በኩል ጠቁሯል።

«ፕላስተር አለሽ?» አለኝ።

ከእማዬ የመድኃኒት ሳጥን አመጣሁለት። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ሸፈናቸው፣ በአውራ ጣቱ ተጫነና አለሰለሳቸው። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። አራት ሲሊንደር፣ አሁን ድምፁን ለይቼ አውቀዋለሁ። በሩን አልፋ ወደ ደጀን መንገድ ስትታጠፍ ዝናቡ ጀመረ።